ቮልት፦ የታየው ሌላ፣ የተሸጠው ሌላ

የሼቭሮሌት ቮልትን ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ብታስቀምጡ፣ አንድ ስም የሚጋሩ መኪኖች ናቸው ብሎ ለማመን ይከብዳል። አንደኛው በጃንዋሪ 2007 ዲትሮይት የመኪና ኤግዚቢሽን ላይ የታየው ነው። ኮፈኑ ረጅም፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ቸርኬው ግዙፍ። ቆሞም ሊፈተለክ የተዘጋጀ ይመስላል። ሁለተኛው በሴፕቴምበር 2008 ይፋ ሆኖ በ2010 መጨረሻ ለገዢ የደረሰው ነው። እሱ ደግሞ ፊቱ ለስለስ ያለ፣ ኋላው ከፍ ያለ፣ ጨዋ የቤተሰብ መኪና ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለቱ መካከል ያለው ሃያ ወር ነው። በሃያ ወር ውስጥ ምን ነካው?

የመኪና ወዳጆች መልስ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ “ዲዛይነሮቹ ቆንጆ ነገር ሠሩ፣ ሒሳብ ሠራተኞቹ አበላሹት” ይላሉ። በብዙ መኪኖች ላይ ይህ እውነትነት አለው። በቮልት ላይ ግን አይሠራም። ቮልትን የቀየረው ኮንሰፕቱ፣ ማለትም ለኤግዚቢሽን ብቻ የተሠራው የሐሳብ ማሳያ መኪና፣ ራሱ የገባው ቃል ነው ባይ ነኝ። ቃሉ ያለ ቤንዚን፣ በባትሪ ብቻ 64 ኪሎ ሜትር መሄድ ነበር። ያንን ለመጠበቅ ሲባል፣ ቃሉን የተናገረው መኪና መልኩን ማጣት ነበረበት።

እልህ የወለደው መኪና

ነገሩ የሚጀምረው ከቦብ ሉትዝ ነው። ሉትዝ በዚያን ጊዜ የሼቭሮሌት ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ጀነራል ሞተርስ (ጂኤም) ምክትል ሊቀ መንበርና የአዳዲስ ሞዴሎች ሥራ የበላይ ኃላፊ ነበሩ። ሰባዎቹን ያጋመሱ፣ የቀድሞ የጦር አውሮፕላን አብራሪ፣ ትልልቅ ሞተር የሚወዱ ሰው ናቸው። ስለ አካባቢ ብክለት ተጨንቀው የኤሌክትሪክ መኪና ያሠራሉ ብሎ የጠረጠራቸው አልነበረም።

ግን ቶዮታ ቤንዚንና ኤሌክትሪክ በምታቀላቅለው ፕሪየስ መኪናው ስሙን ሲያሳምር፣ ጂኤም ቤንዚን የሚጠጡ ትልልቅ መኪኖችን ሻጭ ተብሎ ይሰደብ ነበር። በዚያ ላይ በ1990ዎቹ ኢቪ1 የምትባል የኤሌክትሪክ መኪና ሠርቶ ካከራየ በኋላ፣ መልሶ ሰብስቦ አብዛኞቹን ማስጨፍለቁ በሕዝብ ዘንድ አልተረሳም። በ2006 ደግሞ ቴስላ የሚባል ትንሽ የካሊፎርኒያ ኩባንያ በሊቲየም ባትሪ የምትሄድ የስፖርት መኪና አሳየ። ይህኔ ሉትዝን እልህ ያዛቸው። ትናንት የተቋቋመ ድርጅት ከቻለ፣ ጂኤም እንዴት ያቅተዋል?

ሉትዝ የፈለጉት በባትሪ ብቻ የምትሄድ መኪና ነበር። የሥራ ባልደረባቸው ጆን ላውክነር ግን ሐሳባቸውን አስቀየሯቸው። ለረጅም መንገድ የሚበቃ ባትሪ ከባድና ውድ ነው። ሰውም መንገድ ላይ እቀራለሁ ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ለዕለት ምልልስ የሚበቃ ባትሪ እናድርግላት፤ እሱ ሲያልቅ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭላት ትንሽ የቤንዚን ሞተር እንጨምርላት አሉ። ሐሳባቸውን ወረቀት ላይ ሣል ሣል አድርገው አሳዩአቸው። የቮልት አሠራር ከዚያች ወረቀት የወጣ ነው።

64 ኪሎ ሜትር፣ በእነሱ አቆጣጠር 40 ማይል፣ እንዲሁ በግምት የተጣለ አልነበረም። ጂኤም ከመንግሥት የትራንስፖርት መረጃ እየጠቀሰ፣ መኪና ነድተው ሥራ ከሚሄዱ አሜሪካውያን 78 በመቶው የሚሆኑት በቀን ከዚያ በላይ እንደማይነዱ ይናገር ነበር። ማታ ቤት ውስጥ ሶኬት ላይ ሰካ፣ ጠዋት ንቀል፣ ውለህ ግባ። ቤንዚን ጭራሽ ላያስፈልግህ ይችላል። ቀላል፣ ለማንም የሚገባ ወሬ። ገበያው የያዘውም ይህንኑ ነው፤ ቁጥሩን እንጂ ቅርጹን የያዘው ጥቂት ነው።

ለማየት የተሠራ

የውጭ ቅርጹን በመንደፍ ስማቸው የሚነሳው ጄላኒ አሊዩ ናቸው። የሶኮቶ ናይጄሪያ ልጅ ናቸው። ዲትሮይት ተምረው ጂኤም የገቡ ሲሆን፣ ኋላ ላይ አገራቸው ተመልሰው የናይጄሪያን የአውቶሞቲቭ ዲዛይንና ልማት ምክር ቤት መርተዋል። አፍሪካዊ እጅ ያረፈበት መኪና መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅምና ይታወቅ ብዬ ነው።

ሥዕሉ ግሩም ነበር። ቁመቱ 134 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የስፖርት መኪና ቁመት በሉት። ቸርኬው 21 ኢንች። ጣሪያው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በመስኮቶቹ ግርጌም መስታወቱ ወደ በሩ ገላ ወረድ እንዲል የሚያደርግ ግልጽ ንጣፍ ያለው። ከውስጡ 16 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ ባለ አንድ ሊትር፣ ሦስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ ያለው ሞተር፣ 45 ሊትር የሚይዝ ሰልባትዮ እንደሚኖረው ተነገረ። በባትሪና በቤንዚን ተደምሮ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል ተባለ።

ችግሩ፣ ባትሪው ገና አልነበረም። ጂኤም ይህን አልደበቀም። በመድረኩ ላይም ሁሉም ነገር በሊቲየም ባትሪ ዕድገት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ተናግሯል። ሰው ግን እንዲህ ያለውን ማስጠንቀቂያ ይሰማና ይረሳል። ዓይኑ መኪናው ላይ ነው።

ኮንሰፕት መኪና የሚሠራው እንደ ተላከ ሽማግሌ ነው። ሥራው ማሳመን ነው። ጋዜጠኛውን፣ ገዢውን፣ ባትሪ አቅራቢውን ያሳምናል። በቮልት ጉዳይ ግን ከሁሉ በላይ ማሳመን የነበረበት ጂኤምን ራሱን ነው። በኢቪ1 የተቃጠሉ አለቆች እዚያው ቤት ነበሩ። እነሱን ያሸነፈው የሕዝቡ ጩኸት ነው። መኪናው ከመድረክ ከወረደ በኋላ “ቀልድ ነበር” ማለት አልተቻለም። እንግዲህ ከሽማግሌው በኋላ ትዳሩ መጣ።

ነፋሱ ያወጣው ፍርድ

ለዚህ ጉዳይ ቁልፉ እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

መኪና ሲሄድ አየርን እየገፋ ነው። የአየሩ ተቃውሞ ከፍጥነት ጋር አብሮ አይጨምርም፤ ቀድሞት ይሄዳል። ፍጥነታችሁን ከ50 ወደ 100 ስታሳድጉ፣ አየሩ የሚገፋችሁ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ቤንዚን መኪና ውስጥ ይህ ብዙም አያስጨንቅም። ቅርጹ መጥፎ ከሆነ ጥቂት ነዳጅ ይጨምራል፣ ባለቤቱም ያማርራል፣ አለቀ። ትንሽ ባትሪ ባላት መኪና ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባትሪው ቶሎ እንዳያረጅ ሲባል ከ16 ኪሎዋት ሰዓቱ ለመጠቀም የታሰበው ግማሹን ያህል ብቻ ነበር። በዚያች ጥቂት ጉልበት 64 ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት። አየር የሚበላው እያንዳንዱ ነገር ከዚያች ከ64ቷ ላይ ይቀነሳል።

አማራጩ ባትሪ መጨመር ነው። ያን ጊዜ መኪናው ይከብዳል፤ ሲከብድ ደግሞ የበለጠ ጉልበት ይበላል። ዋጋውም ይንራል። ስለዚህ ከሁሉ የሚረክሰው መፍትሔ ቆርቆሮውን ማስተካከል ነው። ባትሪ በዶላር ይገዛል፤ የቆርቆሮ ቅርጽ ግን ቀድሞውኑ የሚሠራ ነገር ስለሆነ፣ ጥሩ አድርጎ መሥራትም መጥፎ አድርጎ መሥራትም ዋጋው ያው ነው።

ኮንሰፕቱ የነፋስ ፍተሻ ውስጥ ሲገባ የሆነውን ሉትዝ ራሳቸው እየሳቁ ያወሩታል። መኪናው ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ቢቆም ነፋሱን የበለጠ ይቋቋም ነበር። ማለትም ለነፋስ የሚመች መስሎ የታየው መኪና፣ ወደ ኋላ ቢነዳ ይሻለው ነበር! ዓይናችን “ፈጣን” የሚለው ቅርጽና ነፋስ “ፈጣን” የሚለው ቅርጽ የሚለያዩ መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ረጅም ኮፈን፣ ከገላው ወጣ ያለ ጡንቻማ የጎማ ሽፋን፣ ስል ጥግ ያለው አፍንጫ፤ እነዚህ ሁሉ ዓይንን ያስደስታሉ፣ አየርን ግን ይበጠብጣሉ።

ለምርት የሚሆነውን ቅርጽ የያዘው የቦብ ቦኒፌስ የዲዛይን ቡድን ነው። ዲዛይነሮቹና የነፋስ መሐንዲሶቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዓታት በፍተሻው ክፍል ውስጥ አብረው አሳለፉ። ከሸክላ የተሠራውን የመኪናውን አምሳያ ፋቅ አድርገው ነፋስ ይለቁበታል፣ ያነባሉ፣ እንደገና ይፍቃሉ። ውጤቱን ከፊት ጀምሮ ብናየው እንዲህ ነው።

የፊት ጥጎቹ ክብ ሆኑ፤ አየሩ ተንሸራቶ በጎን እንዲያልፍ። ፍርግርጉ ተደፈነ። የምታዩት ብርማ ነገር ጌጥ ነው፤ ራዲያተሩ አየር የሚያገኘው ከታች ነው። ከፓራውልቱ ሥር ደግሞ አየር ከመኪናው ሆድ በታች ገብቶ እንዳይረብሽ የሚከለክል ዝቅ ያለ ጎማ መሰል ከንፈር ተደረገ። ይህቺ ከንፈር በየጉብታውና በየግቢው መግቢያ ላይ እየፋቀች ባለቤቶችን ስታማርር ኖራለች። ኋላ ላይ አጠር ያለ ምትክ እስኪመጣላት ድረስ። የእኛን ሰፈር መንገድ ብታይ ኖሮ አንድ ሳምንትም አትቆይም ነበር።

ኋላውስ? እዚያ ነገሩ ይገለበጣል። ከፊት ክብ መሆን ጥሩ ነው፤ ከኋላ ክብ መሆን ግን መጥፎ ነው። አየሩ ክቡን ተከትሎ ወደ ውስጥ ሊጠመዘዝ ይሞክርና ከኋላ መኪናውን የሚስብ ሽክርክሪት ይፈጥራል። ስል ጠርዝ ካገኘ ግን ቁርጥ ብሎ ይለያል። ለዚህ ነው የቮልት ኋላ ከፍ ብሎ በስል ጥግ የተቆረጠው። ጂኤም በመጨረሻ ያስመዘገበው የአየር ተቃውሞ ቁጥር 0.28 ነው (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይሻላል)። ለዚያ ዘመን ባለ አራት በር መኪና ጥሩ የሚባል ነበር።

መኪናው ሲታይ የመጀመሪያው ስድብ “ፕሪየስ መሰለ” የሚል ነበር። እውነት ነው፣ መሰለ። የሰረቀው ግን የለም። በእኩል ስፋት ላይ አራት ሰው አስቀምጦ ነፋስን ለማሸነፍ የሚፈልግ ሁሉ የሚደርሰው ወደዚያው ሰፈር ነው። አሁን አዲስ አበባን የሞሉትን የኤሌክትሪክ መኪኖች ልብ በሉ። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሄዱ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ በየመብራቱ አሉ። ፍርግርጋቸው ድፍን ነው፣ የቸርኬያቸው ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ የበር እጀታቸው ከገላቸው ጋር እኩል የተኛ ነው። አምራቾቹ ይለያያሉ፤ ነፋሱ ግን አንድ ነው።

ጥቁሯ ሸርጥ

ለምርት ከቀረበው ቮልት ላይ አንድ ትንሽ ነገር ላሳያችሁ። ከጎን መስኮቶቹ ግርጌ የምትሄድ ጥቁር ሸርጥ አለች። በሩቅ ስትታይ መስታወቱ ወደ ታች የቀጠለ ያስመስላል። ቀረብ ብላችሁ በጥፍራችሁ መታ ብታደርጓት ግን መስታወት አይደለችም። ጥቁር ሽፋን ናት።

ያቺ ሸርጥ የኮንሰፕቱ ትዝታ ናት። እዚያ እውነተኛ ግልጽ ንጣፍ ነበር። ታዲያ ለምን አልቀጠለም? የበር ገላ ባዶ ሳጥን አይደለም። ዝቅ የሚለው መስታወት ማደሪያ ይፈልጋል። እሱን የሚያወጣና የሚያወርደው ሞተር አለ፣ ከጎን ሲገጭ ሰው የሚያድን የብረት ዘንግ አለ፣ ስፒከር አለ፣ መቆለፊያ አለ። ግልጽ ከሆነ ይሄ ሁሉ ጉድ ይታያል። የኮንሰፕቱ በር ይህን ሁሉ መሸከም አልነበረበትም፤ የቆመው ለመታየት ነው። ስለዚህ ዲዛይነሮቹ ንጣፉን ጥለው መልኩን አስቀሩ። ክፋት የለውም፣ ግን ማጭበርበር ቢጤ ነው። እኔ በግሌ ባትኖር ይሻል ነበር እላለሁ፤ አንዳንዱ ደግሞ የምትወደድ ክፍሏ ናት ይላል።

ቸርኬውም ከ21 ወደ 17 ኢንች ወረደ። ትልቅ ቸርኬ የሚያምር ቢሆንም ይከብዳል፣ ውድ ነው፣ ሲዞርም ብዙ ቦታ ይወስዳል። ባትሪ ለመቆጠብ ደግሞ መንገድ ላይ በቀላሉ የሚንከባለል ጎማ ያስፈልጋል። የኮንሰፕት መኪና ጎማ ግን ይህን አይጠየቅም፤ ምንጣፍ ላይ ቆሞ ይውላል። ሌላው ልብ የማንለው ነገር፣ ትልቅ ጎማ ገላውን ትንሽ ያስመስለዋል። ጎማው ሲያንስ ያው በር፣ ያው መስኮት ወፍሮ ይታያል። ሰው “አበጠ” የሚለው ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው።

ቁመቱ ደግሞ ወደ 143 ሴንቲ ሜትር ገደማ አደገ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ትልቅ ሰው ጭንቅላት አለው።

ከሥር ያለው መኪና

የመኪናው አጥንትም ለእሱ ብቻ ተብሎ አልተሠራም። ቮልት የተሠራው ከሼቭሮሌት ክሩዝ ጋር በሚጋራው ዴልታ በሚባለው መሠረት ላይ ነው። ለአንድ ሞዴል ብቻ ከዜሮ መሠረት መሥራት በጣም ብዙ ገንዘብና ዓመት ይበላል። የክሩዝን መሠረት ስትወስድ ግን የፓራብሬዛው ሥር የት እንደሚጀምር፣ ሞተሩ የት እንደሚቀመጥ፣ የፊት ጎማ ከበሩ ምን ያህል እንደሚርቅ በከፊል ተወስኖልሃል። የኮንሰፕቱ ረጅም ኮፈን እዚህ ላይ ቀረ።

ሞተሩም እንዲሁ። አንድ ሊትር ቱርቦ የነበረው ባለ 1.4 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው ሆነ። የሞተሩ ዘር ቀድሞውኑ በጂኤም ቤት ነበር። ሌላ ሞተር ፈጥሮ ማስፈተን ጊዜ ይበላል፤ ጂኤም ደግሞ መኪናውን ለ2010 አደርሳለሁ ብሎ ነበር። 45 ሊትር የነበረው ሰልባትዮ ወደ 35 ሊትር ወረደ። ከ1,000 በላይ ተብሎ የነበረው ጠቅላላ ርቀትም በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ወደ 610 ኪሎ ሜትር ሆነ። በዚህ ብዙም ሰው አልተቆጣም። ቃል የተገባው ስለ 64ቱ ነበርና።

ባትሪው ግን የተለየ ታሪክ አለው። ሁለት አቅራቢዎች ተወዳድረው በጃንዋሪ 2009 የኮሪያው ኤልጂ ኬም ሴሎቹን እንዲያቀርብ ተመረጠ። ሴሎቹ 288 ናቸው። ጥቅሉ 1.7 ሜትር ገደማ ርዝመትና 198 ኪሎ ክብደት አለው። ቅርጹ የላቲኗን ቲ ፊደል ይመስላል፤ በመኪናው መሐል ቁመቱን ይጋደምና ከኋላ ወንበር ሥር ወደ ግራና ቀኝ ይከፈላል። ኢቪ1 ላይም እንዲሁ ነበር። የቮልት ዋና መሐንዲስ አንድሩ ፋራም ኢቪ1 ላይ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ትምህርቱ አልጠፋም።

የዚህ ቅርጽ ዋጋ አምስተኛው ወንበር ነው። ባትሪው መሐል ለመሐል ስለሚያልፍ ከኋላ የሚቀመጡት ሁለት ብቻ ሆኑ። ሦስት ልጆች ላሉት ቤተሰብ ይህ ከቅርጹ ለውጥ ይልቅ የከበደ ነገር ነው። ኤግዚቢሽን ላይ የመኪናን መልክ እንጂ የወንበሩን ቁጥር የሚቆጥር የለም።

ለምን መሐል ላይ ተጋደመ? ከግጭት ለመራቅ ነው። እዚህ ጋ ኮንሰፕት መኪና ፈጽሞ የማያልፍበት ፈተና ይመጣል። በሜይ 2011 የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን አንዲት ቮልትን ከምሰሶ ጋር በጎን አጋጫት። መኪናዋ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈች። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ግን ግቢ ውስጥ እንደቆመች እሳት ተነሳባት። ባትሪው በግጭቱ ተጎድቶ የማቀዝቀዣ ፈሳሹ ፈስሶ ነበር፤ ባትሪው ውስጥ የቀረው ኃይልም አልተለቀቀም። ወሬው በኖቬምበር ሲወጣ ትልቅ ጫጫታ ሆነ። ጂኤም በጃንዋሪ 2012 በባትሪው ዙሪያ ያለውን ብረት ለማጠናከር ለቀድሞ ገዢዎች ጥሪ አደረገ። ባለሥልጣኑም ምርመራውን በዚያው ወር ዘጋ። በመንገድ ላይ በነበሩ መኪኖች እንዲህ ያለ እሳት እንዳልደረሰም ተናግሯል።

የገንዘቡ ነገር

ሒሳብ ሠራተኞቹ አላበላሹትም ብያለሁ። ገንዘብ ግን አልነበረም ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ የታሰበው ዋጋ 30 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ሲሸጥ 41 ሺህ ሆነ። ከዚያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት 7,500 ዶላር ከግብር ይመልስ ነበር።

ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ ኩባንያው እየሞተ ሳለ ነው። ጂኤም በ2008 ብቻ ወደ 31 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሳራ አስመዘገበ። ለምርት የሚሆነው ቮልት የታየው በሴፕቴምበር 16 ቀን 2008፣ የኩባንያው መቶኛ ዓመት በዓል ላይ ነበር። ዘጠኝ ወር ሳይሞላ፣ በጁን 1 ቀን 2009 ጂኤም የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ማርች የኦባማ መንግሥት የመኪና ኢንዱስትሪ ግብረ ኃይል ስለ ቮልት የጻፈው አጭር ነው። ተስፋ አለው፣ ግን በቤንዚን ከሚሄዱ እኩዮቹ እጅግ ውድ ነው፣ የማምረቻ ወጪው ብዙ መቀነስ አለበት። አንድ ድርጅት ቤቱ እየተቃጠለ የኤሌክትሪክ መኪና ሲጨርስ ማየት በራሱ ይገርማል። ብዙ ሞዴሎች፣ ፖንቲያክ የሚባል ሙሉ ብራንድ ጭምር፣ በዚያ ዓመት ተቆርጠዋል። ቮልት ግን ከመቆረጥ ዳነ። መልኩ በጊዜው ያው ባለ ድፍን ፊት ነበር፤ የዳነው በቁጥሩ ነው።

ቁጥሩ ራሱ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልደረሰም። በመንግሥት መለኪያ የባትሪ ርቀቱ 56 ኪሎ ሜትር ሆነ። የኮንሰፕቱን ቆርቆሮ ለብሶ ቢሆን ምን ያህል ይሆን እንደነበር ገምቱ።

በኦክቶበር 2010 ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። ጂኤም ሁሌም የቤንዚን ሞተሩ ኤሌክትሪክ ብቻ ያመነጫል እንጂ ጎማ አያዞርም ይል ነበር። ለካ ባትሪው ካለቀ በኋላ በከፍተኛ ፍጥነት ሲኬድ፣ ሞተሩ በማርሽ ጥርሶች በኩል ጎማውን ለማዞር ሊያግዝ ይችላል። ምክንያቱ ነዳጅ መቆጠብ ነው። መሐንዲስ ይህን ቢሰማ ያደንቃል። ጋዜጠኞች ግን ዋሹን ብለው ተነሱ። ያኔ የተቆጡት ወደ አራት ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በፊት መድረክ ላይ የሰሙትን ቀላል ወሬ ይዘው ስለነበር ነው። መኪናው እየተሻሻለ ሲሄድ ወሬው እዚያው ቆሞ ቀርቷል።

ከዚያስ

ከተቺዎቹ ጫጫታ ጋር ሽልማቶቹም መጡ። የ2011 የሞተር ትሬንድ የዓመቱ መኪና፣ የሰሜን አሜሪካ የዓመቱ መኪና፤ አውሮፓ ውስጥ ኦፔል አምፔራ ከተባለው ወንድሟ ጋር የ2012 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና። ባለቤቶቿ ደግሞ ከወደዷት መኪኖች መካከል ናት። በአሜሪካ ብቻ ከ150 ሺህ በላይ ተሸጠች። ሉትዝ ያሰቡትን ያህል አይደለም፤ ግን ኢቪ1 ከደረሰችበት ጋር አይወዳደርም።

በ2015 ሁለተኛው ትውልድ ሲመጣ፣ የኮንሰፕቱ ወዳጆች አሁንስ ያ ረጅም ኮፈን ይመለሳል ብለው ጠብቀው ነበር። አልተመለሰም። ጂኤም ገንዘቡን ያዋለው ገዢዎች በእውነት ባማረሩበት ላይ ነው። ባትሪው ወደ 18.4 ኪሎዋት ሰዓት አድጎ የባትሪው ርቀት 85 ኪሎ ሜትር ሆነ። ሞተሩ 1.5 ሊትር ሆኖ ውድ ቤንዚን መጠየቁን ተወ። ከኋላ ወንበር መሐል ላይም በስም አምስተኛ መቀመጫ ተጨመረ፤ እዚያ የሚቀመጥ ሰው ግን እግሩን ባትሪው ላይ አንፈራጥጦ ነው። ያቺ ጥቁር ሸርጥ ቀረች። በፌብሩዋሪ 2019 ምርቱ እስኪቆም ድረስ ማንም ሰው ትመለስ ብሎ አልጠየቀም።